አስራ አምስት ረድፍ ያለው በቆሎ

የነሐሴ ዝናብ ነቀምት ላይ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። እኛ ቡርቃ ጃቶ ያለን ሰዎች ከሰዓት በኋላ ጭቃው አላስወጣ ሲለን ከሰል አቀጣጥለን፣ በቆሎ እየጠበስን፣ ልጆቹን ሰብስበን እንቀመጣለን። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ የልጅ ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣችና ከሰሉ ላይ ልትጨምረው ስትል ደረስኩባት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"ሦስተኛ ክፍል አለቀ እኮ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል፣ አኮ?" አለችኝ። በእኛ አገር ልጆች ሴት አያታቸውን አኮ ነው የሚሉት።

ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት። አንድ ገጽ ላይ "2፣ 4፣ ___፣ ___ ቀጥሎ ያለውን ጻፉ" የሚል ጥያቄ አለ። እሷ 8 እና 16 ብላ ጽፋለች። በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። እኔም ሳላስብ፣ "6 እና 8 ነበር እኮ! ይሄ እንዴት ይጠፋሻል?" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለች ዓይኗን ሳታነሳ። "እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም።"

ወላጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ። እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ቃል ተናግሬ ነበር። የዚያን ጊዜ "አይደለም፣ ይሆንልሻል" ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም እሺ ብሎ ተቀበለኝ። በኋላ ትንሽ ሱቅ ስከፍት ሒሳቤን የሚይዝልኝ ሰው ስለምን ኖርኩ። የሰው እጅ እያየሁ፣ ትርፍና ኪሳራዬን ከሌላ ሰው አፍ እየሰማሁ ነው ሱቁን የዘጋሁት። አንዲት ልጅ በዘጠኝ ዓመቷ የምትናገረው ቃል ስልሳ ዓመት ሊከተላት ይችላል።

ስለዚህ ደብተሩን ወደ ጎን አድርጌ፣ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን አሁን ጠየቅኋት። "8 ያልሽው እንዴት ብለሽ ነው?"

"የሁለት እጥፍ አራት ነው። የአራት እጥፍ ስምንት። የስምንት እጥፍ አስራ ስድስት።"

ዝም አልኩ። ልጅቷ አልተሳሳተችም! ሁለት ቁጥር ብቻ ከተሰጠ ሁለት እየጨመሩ 6 እና 8 ማለትም፣ እጥፍ እያደረጉ 8 እና 16 ማለትም ይቻላል። ጥያቄው "2፣ 4፣ 6" ብሎ ቢጀምር ኖሮ እጥፍ ማድረጉ አይሠራም ነበር። መምህሩን አልወቅስም። ክፍል ሙሉ ደብተር የሚያርም ሰው መልሱን አይቶ ያልፋል። እኛ ግን ቤታችን ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ናቸው። "እንዴት አወቅሽ?" ለማለት ጊዜው አለን። ያጣነው ልማዱን ነው።

የበቆሎው ነገር

በቆሎው በስሎ ስለነበር አንድ ራስ ሰጠኋትና፣ "ከመብላትሽ በፊት ስንት ረድፍ እንዳለው ቁጠሪልኝ" አልኳት። ከላይ እስከ ታች የተደረደረውን ማለቴ ነው። ቆጠራ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ በቆሎ ክብ ስለሆነ ግን ከየት እንደጀመሩ ይጠፋል። እሷ መላ አገኘች፤ ከአንዱ ረድፍ አንዲት ፍሬ ነቅላ በላችና ከዚያ ምልክት ተነስታ ዞረች። 14 ሆነ።

የወንድሟን ቆጠረች፤ 16። የእናቷን ቆጠረች፤ 12። የእኔንም ተቀብላ ቆጠረች፤ እንደገና 14።

"ምን አየሽ?" አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ "ሁሉም ለሁለት ይካፈላል" አለች።

በዚህ ጊዜ አስራ አንድ ዓመት የሆነው ወንድሟ ተነስቶ፣ "ውሸት! የኔ አሁን 15 ነው!" ብሎ ሌላ በቆሎ አመጣ። ቤቱ በጫጫታ ተሞላ። እሷ ግን አልተጣላችም። "የጀመርክበትን ምልክት አድርገሃል?" አለችው። አላደረገም። ምልክት አድርጎ እንደገና ሲቆጥር 14 ሆነ።

ይህን ያየሁት በአንድ ቤት ነው እንዳትሉ፣ የበቆሎ ረድፍ በሁሉም አገር ጥንድ ነው። ምክንያቱም በቆሎው ገና ለጋ ሆኖ ሲፈጠር ፍሬ የሚሆኑት ጥቃቅን አበቦች ሁለት ሁለት እየሆኑ ጎን ለጎን ስለሚወጡ ነው። ስለዚህ ረድፍ ሲጨመር ጥንድ ሆኖ ይጨመራል። አልፎ አልፎ አንድ ረድፍ መሐል ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል ጫፉ ላይ የቆጠረ ሰው ጎደሎ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው መሐሉ ላይ መቁጠር የሚሻለው። ያ ጢም የምንለው የበቆሎ ፀጉርም ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ በቆሎ መላጥ ራሱ ጨዋታ ሆነላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ የበላነውን በቆሎ ሁሉ መዘገብን። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ 12፣ 14፣ 16፣ 18 ብላ ጽፋ ከእያንዳንዱ አጠገብ በቆሎ በተበላ ቁጥር አንድ ጭረት ትጨምራለች። ሃያ በቆሎ ሲሞላ 14 ላይ ያሉት ጭረቶች ከሁሉም ረዘሙ፤ 16 እና 12 ተከተሉ፤ 18 አንድ ብቻ ነበር።

"የነገው ስንት የሚሆን ይመስልሻል?" አልኳት።

"14" አለች። በማግስቱ 16 ሆነ። የሚያናድዳት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣ "16ም ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። 15 ግን አይሆንም" አለች።

በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዚህ ሳምንት ጉዳዬ ሁሉ አለ። በቆሎ ከበቆሎ ይለያያል፤ ያም ሆኖ የማይለወጥ ነገር አለው። የሚለያየውንና የማይለያየውን ለይታ ያወቀች ልጅ ሒሳብ ጀምራለች ማለት ነው። መደመርና ማባዛት መሣሪያዎች ናቸው፤ ሥራው ይህ ነው።

ጥለቱን ማየት

እናቶቻችን ጥለት ሲሸመን ያውቃሉ። ሸማኔው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀለም ገና ሳይሸመን መናገር ይቻላል። በሒሳብም እንዲሁ ነው፤ የሚደጋገመውን ካየን ያልመጣውን እንናገራለን። ልጆች ይህን ለማየት መጽሐፍ መጠበቅ የለባቸውም።

ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አውርዱ። እንቁጣጣሽ በ2016 ማክሰኞ፣ በ2017 ረቡዕ፣ በ2018 ሐሙስ ዋለ። አሁን የሚመጣው የ2019 እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል? ልጆቹ ሳይቸገሩ "አርብ!" ይላሉ። ልክ ናቸው። ለምን አንድ ቀን ብቻ እንደሚገፋ ጠይቋቸው። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ 52 ሳምንት 364 ቀን ይሆናል፤ አንድ ቀን ይተርፋል።

አሁን ደግሞ፣ "2020ስ?" በሏቸው። ሁሉም "ቅዳሜ!" ይላሉ። እዚህ ላይ አያቶች ፈገግ በሉ፤ መልሱ እሁድ ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ዘልላ ትውላለች። ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው። በ2015 እንቁጣጣሽ እሁድ ነበረች፤ ያም ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር በ2016 ሰኞን ዘልላ ማክሰኞ ገባች።

ልጆች በዚህ መገረማቸው መልካም ነው። ጥለቱ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ግን አልተበላሸም፤ በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ሌላ ጥለት በውስጡ አለ። ሁለቱ ጥለቶች ተገናኝተው ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምረው በ28 ዓመት ነው፤ ምክንያቱም አራት ጊዜ ሰባት 28 ነው። አሮጌ ነገር የማይጥል አያት ካላችሁ ከሣጥኑ ሥር የ1991ን ካላንደር ፈልጉ። የ2019 ቀኖች ሁሉ አንድ በአንድ ይገጥማሉ። እኔ የራሴን አላገኘሁትም፤ አይጥ ሳይቀድመኝ አልቀረም።

የእኛ አካባቢ አባቶች ደግሞ ሌላ ቁጥር ያውቃሉ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ አምስት ጊዜ ስምንት 40 ሲሞላ ተራው ዞሮ ይመጣል። ዩኔስኮ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማይዳሰስ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥርዓት ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የስምንት ማባዣ ነው፤ 8፣ 16፣ 24፣ 32፣ 40። ማባዣውን በዱላ የተማርን ሰዎች እንዲህ ብለው ቢነግሩን ኖሮ ባልረሳነው።

ቋንቋችንም ራሱ ጥለት አለው። የልጅ ልጄ የምትማረው በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ አፉር አራት ነው፤ አርባ አፉርተማ። ሸን አምስት ነው፤ ሃምሳ ሸንተማ። ሰገል ዘጠኝ ነው፤ ዘጠና ሰገልተማ። "ተማ" አስር እጥፍ እንደሚያደርግ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሃያና ሠላሳ ግን ዲግደማና ሶዶማ ናቸው፤ ለማና ሰዲ ከሚሉት ከሁለትና ከሦስት ጋር ብዙም አይመሳሰሉም። በአማርኛም ሰባት ሰባ፣ ዘጠኝ ዘጠና ሲሆን ይገጥማል፤ አምስት ግን ሃምሳ ሲሆን ተደብቋል። ልጆቻችሁን "የትኛው ይታዘዛል? የትኛው ያምፃል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት ቤት ሁለት መጫወቻ አለው።

ዝናቡንም እንለካው

ጥለት ያለው ነገር ሁሉ እንደ ካላንደር የታዘዘ አይደለም። ዝናብን ተመልከቱ። ወለጋ ውስጥ ነሐሴ ዝናባማ እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የነገው ዝናብ ስንት እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም።

ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ፣ ለምሳሌ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ከጣሪያና ከዛፍ አርቃችሁ ሜዳ ላይ አስቀምጡ። ንፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን ድንጋይ አስደግፉት። በየቀኑ ጧት በአንድ ሰዓት ላይ ልጁ ማስመሪያ ነክሮ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጻፍ፤ ከዚያ ውኃውን ይድፋው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ይህን የሰማ ልጅ ግቢያችን ላይ ስንት ጀሪካን እንደወረደ ማስላት ሳይጀምር አይቀርም።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ አስራ አራት ቁጥሮች ይኖሩታል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ያስልፋቸው። ትንሹ ስንት ነው? ትልቁስ? መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ ስንት ናቸው? "ብዙውን ጊዜ ስንት ይዘንባል?" ቢባል ምን ይመልሳል? አንድ ቀን ብቻ የለካ ሰው ስለ ነሐሴ መናገር እንደማይችል ልጁ ራሱ ያየዋል። እኛ አዋቂዎችም ይህ ትምህርት ያስፈልገናል። አንድ ቀን ገበያ ሽንኩርት ተወደደ ብለን አገር ጠፋ እንላለን፤ አንድ ፈተና ላይ ልጃችን ወደቀ ብለን ሰነፍ ነው እንላለን። አንዲት ጭረት ናት እኮ! ሃያ ጭረት ሳናይ እንፈርዳለን።

የማያቋርጥ ለውጥ አለ ወይ?

በቤታችን የበር መቃን ላይ የልጆቹ ቁመት በእርሳስ ይሰመራል። የልጅ ልጄ አምና 122 ሴንቲ ሜትር ነበረች፤ ዘንድሮ 128 ሆናለች። 6 ጨምራለች።

"የዛሬ ዓመትስ?" አልኳት።

"134።"

"በየዓመቱ 6 ከጨመርሽ አርባ ዓመት ሲሞላሽ ስንት ትሆኛለሽ?"

ወንድሟ አገዛት። ከዘጠኝ እስከ አርባ 31 ዓመት አለ፤ 31 ጊዜ 6 ደግሞ 186 ነው። 128 ሲጨመርበት 314 ሆነ። ሦስት ሜትር ከአስራ አራት! ልጅቷ በሩን አየችው፤ ጣሪያውን አየችው፤ ከዚያ ተንከተከተች። "አኮ፣ በመስኮት ልታስገቡኝ ነው?"

"ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትን?"

"ማባዛቱ ልክ ነው" አለች። "ሰው ግን ሁልጊዜ አያድግም።"

ይህን ያልገባቸው ብዙ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። ዘንድሮ ያተረፈ ሁልጊዜ የሚያተርፍ ይመስለዋል። የእኛ አገር ቡና ገበሬ ግን ያውቀዋል። ቡና አንድ ዓመት ብዙ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ደከም ይላል፤ በበዛበት ዓመት ብቻ ተመክቶ ዕዳ የሚገባ ሰው ይጎዳል። ለውጥን ማየት ማለት ስንት እንደጨመረ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ እስከ መቼ እንደሚጨምር መጠየቅም ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ወላጆች፣ ብዙዎቻችሁ "ጊዜ የለኝም፤ እኔም ሒሳብ አላውቅም" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አላውቅም። የሚያስፈልጉት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ቡና እየቆላችሁም፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁም ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ።

አንደኛው "ቀጥሎ ምን ይመጣል?" ነው። ልጁ ይገምት፤ ግምቱን ሳታርሙ ተቀበሉት።

ሁለተኛው "እንዴት አወቅሽ?" ወይም "እንዴት አወቅህ?" ነው። ይህን መልሱ ሲሳሳት ብቻ ሳይሆን ልክ ሲሆንም ጠይቁ። ሲሳሳት ብቻ ከጠየቃችሁ ጥያቄው ራሱ ቁጣ ይሆንበታል።

ሦስተኛው "ሁልጊዜ ነው?" የሚለው ነው። ወንድሟ 15 ረድፍ አለው ብሎ በቆሎ ያመጣው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ባይሳካለትም የሚፈትን ሰው መሆኑን ወድጄለታለሁ።

ለዚህ ሳምንት አንድ የክብሪት ጨዋታ ልስጣችሁ። በሦስት እንጨት አንድ ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ከአንዱ ጎን አስጠግታችሁ ሌላ ሥሩ፤ አንዱ ጎን የጋራ ስለሆነ ሁለት እንጨት ብቻ ይጨመራል፤ 5 ሆነ። ሦስተኛው ሲጨመር 7። አስር ሦስት ማዕዘን ለመሥራት ስንት እንጨት ይበቃል? መልሱን ከመናገራችሁ በፊት ልጆቹ ይሥሩት። ክብሪቱ ቢያልቅባቸው ደግሞ ይሻላል፤ ያኔ ማሰብ ይጀምራሉ። የልጅ ልጄ አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበችና፣ "ሦስት ማዕዘኑን እጥፍ አድርጎ አንድ መጨመር ነው" አለች። አስሩ 21 ይሆናል። መቶውስ? 201። መቶ ሦስት ማዕዘን ሳትሠራ መቶውን አወቀችው።

ደብተሩ አልተቃጠለም። የበቆሎው መዝገብ፣ የዝናቡ ቁጥርና የእንቁጣጣሽ ቀኖች ሁሉ በባዶ ገጾቹ ላይ ናቸው። ትናንት ማታ ያንን ቀይ ምልክት ያለበትን ገጽ ገልጣ ከጎኑ በእርሳስ ስትጽፍ አየኋት። "እጥፍ ከሆነ 8፣ 16። ሁለት ከተጨመረ 6፣ 8።" ምልክቱን አልሰረዘችውም።

"ለመስከረም መምህርሽ ታሳዪዋለሽ?" አልኳት።

"ከጠየቀኝ" አለች።

አራተኛ ክፍል ይከብድ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ነሐሴ አይስተካከልም። ግን "አይሆንልኝም" የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማሁትም። እኔም በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ የሱቄን አሮጌ መዝገብ አውጥቼ ረድፍ በረድፍ እየቆጠርኩት ነው።

እናንተም በቆሎአችሁን ቁጠሩ። መሐሉ ላይ ተቆጥሮ፣ ምልክት ተደርጎ፣ 15 የወጣለት ቤት ካለ ይጻፍልኝ፤ ወንድምየው እየጠበቀ ነው። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።